«ከፍያለሁ» ይላሉ፣ ከካርዴ ግን አሁንም ይቆረጣል

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ትንሽ ነው፣ ግን ቤቴን እየበጠበጠው ስለሆነ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የዘመድ ሰርግ ነበረብን። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከነቤተሰባቸው መጡና አብረን የምንሄድበት ትልቅ መኪና ተከራየን። ክሬዲት ካርድ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ውሉ በእኔ ስም ሆነ፣ እሳቸው በተጨማሪ ሹፌርነት ተመዘገቡ። አራቱንም ቀን የነዱት እሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ ገንዘብ ተቀባይ የሌለበት፣ ካሜራ ብቻ የተሰቀለበት የክፍያ መንገድ ደጋግመን አለፍን። «ጋሼ፣ ይሄ አይከፈልበትም እንዴ?» ስላቸው «ማታ በስልኬ እከፍለዋለሁ፣ አንቺ አታስቢ» አሉኝ። እኔም ተውኩት።

መኪናውን ከመለስን ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ከካርዴ ላይ ገንዘብ ተቆረጠ። ቶሉ፣ የመንገዱ ክፍያ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን አብሮት ያለው «የአገልግሎት ክፍያ» ከቶሉ ይበልጣል። በሳምንቱ ሌላ መጣ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተቆርጦብኛል። ተናደድኩና ስቴትመንቱን ፎቶ አንስቼ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፤ «ጋሼ፣ ተከፍሏል ብለውኝ አልነበር?» ብዬ። አማቴም ግሩፑ ውስጥ አሉ። ጋሼ ደውለው «ከፍያለሁ አልኩሽ፣ በሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ» አሉና ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ባለቤቴ ደግሞ «ለዚህች ገንዘብ ብለሽ ወንድሜን አዋረድሽው» ይለኛል። በቃ ተኮራርፈናል።

ሌላ ክፍያ ይመጣብኝ ይሆን? ባንክ ሄጄ ገንዘቡን ላስመልሰው? የባሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለሌላ ዝግጅት ተመልሰው ይመጣሉ፣ መኪናውም እንደገና በእኔ ስም እንዲሆን ታስቧል። እምቢ ብል ጠብ ነው፣ እሺ ብል ያው ነው። ምን ላድርግ?

ካርዷ የተቃጠለባት

እህቴ፣ መጀመሪያ በብዕር ስምሽ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን አዘንኩልሽ። ለሰው ውለታ ውዬ ጥፋተኛ ሆንኩ የሚል ስሜት መራራ ነው። ካርድሽን ያወጣሽው ሁሉም እንዲሄድ ብለሽ ነበር።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚህ መኪና በፊት ጋሼ በገንዘብ ነገር ዋሽተውሽ ያውቃሉ? ደብዳቤሽ ውስጥ እንደዚያ የሚል ነገር አላገኘሁም። እንዲያውም ሳትጠይቂያቸው አራት ቀን ሙሉ መሪ ይዘው የዋሉ ሰው ናቸው። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እሳቸውም ከፍለዋል፣ ካንቺም ተቆርጧል። በኪራይ መኪና ይሄ በደንብ ይከሰታል፣ ለምን እንደሚከሰት ካወቅሽ ንዴትሽ ግማሹ ይበርድልሻል ብዬ አስባለሁ።

ገንዘብ ተቀባይ የሌለበት መንገድ ላይ ያ ከላይ የተሰቀለው ብረት መጀመሪያ የሚፈልገው ታግ ነው፤ የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ ሳጥን ወይም ስቲከር ማለቴ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ያነበዋል፣ ካገኘው ከታጉ ባለቤት ሒሳብ ላይ ይቀንሳል። ካላገኘ የመኪናውን ታርጋ ፎቶ ያነሳል። አዲስ ነገር አይደለም። ቶሮንቶ አጠገብ ያለው 407 አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይም በ2013 ጥሬ ገንዘብ መቀበሉን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ታግና ካሜራ ዞሯል። ካሜራው ታዲያ መሪ የያዘው ማን ይሁን ማን ግድ የለውም። የሚያውቀው ታርጋውን ብቻ ነው። ታርጋው ደግሞ ያንቺም የጋሼም አይደለም፣ የአከራዩ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ መጀመሪያ የሚደርሰው አከራዩ ጋ ነው። አከራዩ ወይ ቶሉን ራሱ ይከፍልና ከነአገልግሎት ክፍያው ከካርድሽ ይወስዳል፣ ወይ ደግሞ ስምሽንና አድራሻሽን ለመንገዱ ድርጅት አሳልፎ ይሰጥና ክፍያው በደብዳቤ ወደ አንቺ ይመጣል። የትኛው እንደሚሆን የሚነግርሽ የፈረምሽው ውል ነው። ያ በጥቃቅን ፊደል የታጨቀው ገጽ። ማን ያነበዋል፣ እኔም ድሮ አላነበውም ነበር። ሦስት ሳምንት የፈጀውም ወረቀቱ ከመንገዱ ወደ አከራዩ፣ ከአከራዩ ወደ ካርድሽ እየተዘዋወረ ስለሆነ ነው፣ በየጊዜው የሚቆረጠውም ሒሳቡ አንድ ላይ ስለማይደርስ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ስልክ እንምጣ። «ማታ እከፍለዋለሁ» ማለት በብዙ ቦታ ይቻላል፣ ግን ሰዓት አለው። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ የቴምዝን ወንዝ የሚያሻግረው የዳርትፎርድ መሻገሪያ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ይታገሥሻል። የደብሊኑ ኤም 50 ቀለበት መንገድ ደግሞ በማግስቱ እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር እስከ ማታ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቅጣት ይጨመርበታል፣ ወረቀቱም ወደ ታርጋው ባለቤት ይሄዳል። ሰርግ ቤት ደግሞ ማታው መቼ እንደሚያልቅ አንቺም ታውቂያለሽ።

ሰዓቱን ቢጠብቁም እንኳ የሚያሳስት ነገር ሞልቷል። አንድ ቀን የተነዳበት መንገድ የሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ሊሆን ይችላል፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መክፈያ አላቸው። አንዱ ላይ ገብተው ከፍለው ሁሉንም የጨረሱ መስሏቸው ይሆናል። ወይም የሄዱበትን ከፍለው የመመለሻውን ረስተው ይሆናል። ደግሞ ብዙ አከራዮች መኪኖቻቸውን በሙሉ አስቀድመው በመንገድ ክፍያ ሒሳብ ውስጥ ያስመዘግቡና፣ መኪናው እንዳለፈ ገንዘቡ በቀጥታ ከዚያ ሒሳብ ይወሰዳል። እንደዚያ ከሆነ የጋሼ ክፍያ ሁለተኛ ክፍያ ነበር ማለት ነው፤ ገንዘባቸው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ሰው እየጠበቀ ይሆናል።

ከሁሉ የማይታመነውን ደግሞ በራሴ ላይ ስለደረሰ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ መኪና ተከራይቼ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ቶሌን በዚያው ምሽት ከፈልኩ። ደረሰኙንም አስቀመጥኩ። ከአንድ ወር በኋላ ከነአገልግሎት ክፍያው ተቆረጠብኝ። ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ተከራክሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስልኩን ያነሳችውን ሠራተኛ ላስለቅሳት ትንሽ ነበር የቀረኝ። በኋላ ሲታይ ታርጋው ላይ ያለውን ዜሮ የእንግሊዝኛው ፊደል ኦ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ለማላውቀው ሰው ቶል ከፍዬለታለሁ። ምስጋናው እስካሁን አልደረሰኝም።

እና ከመናደድሽ በፊት ወረቀት ያስፈልግሻል። አከራዩ ጋ ደውዪ ወይም ጻፊላቸው፣ የምትጠይቂውም የእያንዳንዱን ክፍያ ዝርዝር ነው፤ የታለፈበት ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የታርጋ ቁጥር፣ ቶሉ ለብቻ፣ የአገልግሎት ክፍያው ለብቻ። ብዙ ጊዜ የቶሉን ሥራ የሚሠራላቸው ሌላ ድርጅት ነው፣ ስሙ ስቴትመንትሽ ላይ ከክፍያው ጎን ይጻፋል። እዚያ ገብተሽ የውሉን ቁጥርና ታርጋውን ስታስገቢ ዝርዝሩን የሚያወጡልሽ አሉ። ስልክ ላይ ብዙ አትለፊ፣ በጽሑፍ ይሁንልሽ።

ዝርዝሩ ሲመጣ ውሉንና መኪናውን የመለስሽበትን ደረሰኝ አጠገቡ አስቀምጪ። ታርጋው እናንተ የነዳችሁት መኪና ነው? አንዳንዴ መጨረሻ ደቂቃ ላይ መኪና ይቀየርና ውሉ ላይ የድሮው ታርጋ ይቀራል። ሰዓቱስ? መኪናውን ከመለስሽ በኋላ የታለፈ ቶል ካለ የሌላ ሰው ነው፣ አንቺ አትከፍዪም። የአገልግሎት ክፍያውን ደግሞ ከውሉ ጋር አስተያዪው። አንዳንዱ ውል በእያንዳንዱ ቶል ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ቶል ባለፍሽበት ቀን ብቻ፣ አንዳንዱ ግን አንዴ ካለፍሽ ኪራዩ ለቆየበት ቀን ሁሉ ያስባል። አንቺ የተከራየሽው ለአራት ቀን ነው፣ የተቆረጠው አምስት ጊዜ ነው። ውልሽ በቀን የሚያስብ ከሆነ አምስተኛው ከየት መጣ? ይሄ ጥያቄ ብቻውን ጥሩ መነሻ ይሆንሻል።

ሌላ ይመጣ ይሆን ላልሽው፣ ሊመጣ ይችላል። በካርታ አፕ የሄዳችሁበትን መንገድ መልሰሽ አውጪና ስንት ካሜራ እንዳለፋችሁ ቁጠሪ፣ ከመጣው ዝርዝር ጋር ሲነጻጸር የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሳላልፈው ግን ላስጠንቅቅሽ። «ያልተከፈለ ቶል አለብዎት፣ ዛሬ ካልከፈሉ ይቀጣሉ» የሚል ቴክስት ከመጣልሽ ሊንኩን እንዳትነኪው። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. በ2024 ስለዚህ ማጭበርበር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ አጭበርባሪዎቹ የመንገድ ክፍያ ድርጅት መስለው ነው የካርድ ቁጥር የሚለቅሙት። አንቺ ደግሞ አሁን በጣም የምትታለዪበት ሰዓት ላይ ነሽ፣ ቶል ያለብሽ መሆኑን ስለምታምኚ። ጥርጣሬ ካለሽ የድርጅቱን አድራሻ ራስሽ ጽፈሽ ግቢ።

ባንኩን ለጊዜው ተዪው። አትሂጂ ማለቴ አይደለም፣ ዝርዝሩ ሳይመጣ አትሂጂ ነው የምልሽ። በእውነት ያለፋችሁትን ቶል ባንክ በኩል ብታስመልሺ አከራዩ ውልሽን አውጥቶ ያሳያል፣ ገንዘቡም ተመልሶ ይወሰዳል፤ ከዚህ በኋላ መኪና የማያከራዩሽም አሉ። ስህተት እንዳለ በወረቀት ካወቅሽ፣ አከራዩንም ጠይቀሽ እምቢ ካሉሽ፣ ያኔ ከነማስረጃው ወደ ባንኩ። ለቅሬታ የጊዜ ገደብ ስላለ ግን ዝርዝሩን ዛሬ ጠይቂ።

ወደ ከባዱ ልምጣ። እህቴ፣ ግሩፑ ላይ መለጠፍሽ ጥሩ አልነበረም። እኔም እንዳንቺ ብናደድ አላደርገውም አልልም፣ ጣት ከአእምሮ ይቀድማል። ግን ታላቅ ሰውን፣ እናታቸው ባሉበት፣ በፎቶ። ጋሼ የሰሙት «ቶሉ በትክክል አልተመዘገበም» የሚል አይደለም፣ «ዋሹ» የሚል ነው። እና ግሩፕ ላይ የተበላሸ ነገር በግል ስልክ ብቻ አይስተካከልም፣ እዚያው ሁለት መስመር መጻፍ ይኖርብሻል። መጀመሪያ ግን ለእሳቸው ደውዪ። ስልኩን ካላነሱ ይሄን የመሰለ ነገር ላኪላቸው፣ በራስሽ አነጋገር ቀይሪው፦

«ጋሼ፣ ሰው ፊት ያን መለጠፌ ትክክል አልነበረም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፍለዋል ብዬ አምናለሁ። ሲገባኝ አከራዩም ለየብቻ እየከፈለ ከእኔ ይወስዳል። ያኔ የከፈሉበት ደረሰኝ ወይም ስክሪንሾት ካለ ቢልኩልኝ ከእነሱ ጋር ልከራከርበት።»

እይው፣ ደረሰኝ ስትጠይቂያቸው ከተጠርጣሪነት ወጥተው ካንቺ ጎን ይቆማሉ። ደረሰኙ ሲመጣ ቀኑ፣ ቦታውና ታርጋው ከዝርዝሩ ጋር አንድ ከሆነ፣ ሁለቴ የተከፈለ ነው ብለሽ ቶሉን እንዲመልሱ ትጠይቂያለሽ። የአገልግሎት ክፍያውን ለመመለስ አንገራጋሪ ናቸው፣ ቢሆንም ጠይቂ፣ በትሕትና ሲጠየቁ የሚተዉት ጊዜ አለ። ታርጋው ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ለመንገዱ ድርጅት ነው፣ ጋሼ ራሳቸው ከከፈሉበት ስልክ ቢጠይቁ ይቀላል። ደረሰኝ ባይኖራቸውስ? ያኔም ቢሆን ተዪው እልሻለሁ። በአንድ ቶል የሰው ልብ አይመዘንም፣ ደግሞም ከፍዬዋለሁ ብሎ ከልቡ የሚያምን ግን የመጨረሻዋን ቁልፍ ሳይነካ ስልኩን ኪሱ የከተተ ሰው ስንት አለ።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። የሚያበሽቅሽ ገንዘቡ ነው ወይስ «ለዚህች ገንዘብ» መባሉ? ከደብዳቤሽ የተረዳሁት ሁለተኛው ይመስለኛል። ገንዘቡ ትንሽ ነው የሚለው ሰው ከካርዱ ያልተቆረጠበት ሰው ነው። ይሄንን ሳትጮኺ ንገሪው። «ወንድምህን ማሳፈሬ አጥፍቻለሁ፣ አስተካክለዋለሁ። አንተ ደግሞ አምስት ጊዜ ሲቆረጥብኝ አንድ ጊዜ እንኳ እስቲ አሳዪኝ አላልከኝም።» ከዚያ ቶሉንም የአገልግሎት ክፍያውንም ከጋራ ኪሳችሁ እንድትሸፍኑት ሐሳብ አቅርቢለት። የኔ አስተያየት ይሄ ነው፣ ላይጥምሽ ይችላል፣ ግን መኪናው ውስጥ ሁላችሁም ነበራችሁ፣ ካሜራውን ደግሞ መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ። ጋሼን ለአገልግሎት ክፍያ ማስከፈል የምታተርፊበት አይመስለኝም።

የሚቀጥለውን ወር ጉዞ ግን እንደ በፊቱ አትግቢበት። እምቢ ማለት ብቻ አይደለም ያለሽ ምርጫ። ጋሼ በስማቸው ክሬዲት ካርድ ካላቸው ውሉ በእሳቸው ስም ይሁን፣ ኪራዩን ትካፈላላችሁ፤ የሚነዳ ሰው ስሙም ውሉ ላይ ቢሆን ለሁሉም ይቀላል። ካርድ ከሌላቸው ደግሞ አንቺ ተከራዪ፣ ግን «ጋሼ መሪውን ይያዙ፣ ቶሉን እኔ እይዘዋለሁ» በያቸው። ሰው አይቀየምም በዚህ፣ እንዲያውም ይገላገላሉ።

ቶሉን መያዝ ማለት ደግሞ መኪናውን ስትረከቢ አምስት ደቂቃ ማጥፋት ነው። የቶል አገልግሎታቸው በቀን ነው ወይስ በቶል የሚያስበው፣ ባልፈልገውስ ራሴ መክፈል እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። መስታወቱ ላይ ትንሽ ሳጥን ካለች እያት። አንዳንዶቹ እየተንሸራተተ የሚከፈት ሽፋን አላቸው፣ ከተከፈተ አገልግሎቱን ተቀብለሻል ማለት ነው። ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ መነካካት ይወዳሉ። ዝግ መሆኗን በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

የራስሽ ታግ ካለሽና በዚያ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ይዘሽው ሂጂ፣ የኪራዩን ታርጋ ሒሳብሽ ውስጥ ከነቀኑና ሰዓቱ አስገቢው። የእነሱ ሳጥን ክፍት ከሆነ ግን ሁለቱም ሊነበቡ ይችላሉ፣ ሁለቴ ትከፍያለሽ። መኪናውን የመለስሽ ዕለት ደግሞ ታርጋውን ከሒሳብሽ አውጪው፤ ይሄን የሚረሱ ሰዎች ከእነሱ በኋላ መኪናውን የተከራየውን ሰው ቶል እየከፈሉ ይከርማሉ። ታግ ከሌለሽና የክፍያ መንገዱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ካርታው ላይ የክፍያ መንገድን ዝለል የሚለውን አብሪው፣ ትንሽ ትዞራላችሁ በቃ። አራቱንም ቀን ስትመላለሱበት የምትውሉ ከሆነ ግን የአከራዩን አገልግሎት መውሰድ ይሻላል፣ ዋጋውን ለሁሉም አስቀድመሽ ተናግረሽ ተካፈሉት። ውድ ቢሆንም ማንም ማንንም አይጠራጠርበትም።

ዝርዝሩ ሲደርስሽ ጻፊልኝ እስቲ። መጀመሪያ ታርጋውን እዪው፣ በተለይ ዜሮ ካለበት።